ከሰባቱ ሰማያዊ አንዱ

የእናቴን ሥዕል ሁለት ጊዜ አበላሽቻለሁ፤ አንዴ በክርኔ፣ አንዴ በዳቦ። በክርኔ ያበላሸሁት የአንደኝነት ሽልማት አሳጣት። የዳቦው ግን ሌላ ነው። እሱን ሳደርግ እያበጀሁ ነበር የመሰለኝ።

እናቴ ሞይራ ፔትሪ የእሳት ጠባቂ ነበረች። ከከተማችን በላይ ባለው ተራራ አናት ላይ የብረት ማማ ነበር። ዘጠና ሁለት ደረጃ ተወጥቶ፣ በአራቱም በኩል መስኮት የሆነች ጠባብ ክፍል ትገኛለች። በጋውን ሙሉ እዚያ ተቀምጣ ጫካውን ታያለች፤ ጭስ ስታይ አቅጣጫውን ለክታ በሬዲዮ ለእሳት ጣቢያው ትናገራለች። ከእሷ በፊት የነበሩት ወንዶች ከሁለት በጋ በላይ አልቆዩበትም፤ ብቸኝነቱ ያንገፈግፋቸዋል። እሷ ሰባተኛ በጋዋን ይዛ ነበር። ያቆያት ደመወዙ አልነበረም፤ ሰማያዊው ነው።

ከማማው ላይ ሲታይ ሸንተረሩ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተደርድሮ እስከ ሰማይ ጠርዝ ይሄዳል። በሙቀት ጊዜ ባሕር ዛፉ የሚተፋው ዘይት አየሩን ሰማያዊ ያደርገዋል፤ በራቀ ቁጥር ይፈዛል። «ሰማያዊ ሰባት ነው» ትል ነበር እናቴ፣ «ከቅርቡ እስከ ሩቁ ሰባት፤ ስምንተኛ አየሁ የሚል ካለ ዋሽቷል።» ሰባቱንም ራሷ ነበር የምትሠራቸው። ሱቅ የሚሸጠውን ፓስቴል የሚባል የቀለም ጠመኔ አታምነውም። የቀለም ዱቄቱን ከሙጫ ውሃ ጋር ለውሳ፣ በጋዜጣ ላይ ጣት ጣት የሚያህል እያድበለበለች በወጥ ቤታችን መስኮት ላይ ታደርቃለች። ከነዚያ ጠመኔዎች አንዱን ሳላስፈቅድ ከመንካት የምድጃ ፍም መንካት ይቀለኝ ነበር።

ሕጎቿ ብዙ ናቸው። ወረቀቱን መጀመሪያ የጡብ ቀለም ትቀባዋለች፤ ሰማያዊ ከሥሩ የሚያሞቀው ካላገኘ ይሞታል ትላለች። ዱቄቱ ሲበዛ ሰሌዳውን ከኋላ መታ መታ ታደርጋለች እንጂ እፍ አትልበትም። ቀለም የሚያጣብቅ መርጫ ያጠቁራል ብላ ስለማትወድ ሥዕሏ ሁልጊዜ እርቃኑን ነው፤ በጣት ከነኩት ይጠፋል። ሲያልቅ በላዩ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ የሚያንሸራትት ወረቀት ታለብሰውና ዳርዳሩን በፕላስተር ትለጥፋለች። የተሳሳተችውን ስታጠፋ የዳቦ ውስጡን በጣቷ ድቡልቡል አድርጋ ቀስ እያለች ትነካካዋለች። ብርሃን ደግሞ ስለማይቆም፣ እያንዳንዱን ሸንተረር በስንት ሰዓት እንዳየችው በወረቀቱ ጠርዝ ላይ፣ በትክክል በዚያ ሸንተረር አንጻር፣ በእርሳስ ትጽፋለች።

«ያላየሁትን አልስልም፤ ያየሁትን አልተውም» ትላለች። ይህቺ ዓረፍተ ነገር ለእሷ ጸሎት ነበረች።

ባለፈው ዓመት በከተማችን የእርሻ ትርኢት፣ በአዳራሹ ውስጥ ሥዕሏ ተሰቅሎ ሁለተኛ ወጣ። ዳኛው በካርድ ላይ «ሰማዩ እድፍ አለበት፤ ያሳዝናል» ብሎ ጽፎ ነበር። እድፉ ክርኔ ነው። መኪና ውስጥ ተደግፌው ነበር። ያን ቀን አልቅሼ አላባራ ስል እናቴ «ተይው፣ ክርን ዓይን የለውም» አለችኝ። እኔ ግን አልተውኩትም። ለሚቀጥለው ዓመት እክሳታለሁ ብዬ በልቤ ማልኩ።

እሳቱ የተነሣው በየካቲት ወር፣ ቅዳሜ ቀን ነው።

ልጅ ማማው ላይ መውጣት ክልክል ስለሆነ እኔ ከሥር፣ በውሃ ጋኑ ጥላ ውስጥ ሆኜ ምላሱ ሰማያዊ የሆነ እንሽላሊት በእንጨት እየጎነታተልኩ ነበር። የሰሜን ነፋስ ቆርቆሮውን ያንኳኳል። ከላይ የእናቴ ድምፅ ይመጣ ጀመር።

«ማማ አራት ነኝ! ማማ አራት! ትሰሙኛላችሁ? ... ስታን! ኧረ ስታን፣ አንሣ!»

ስታን የእሳት ጣቢያው የሬዲዮ ሰው ነው። እናቴ ከዚያ አሮጌ ሬዲዮ ጋር በየቀኑ ስለምትጣላ ቁብም አልሰጠሁትም። ጮኸች፣ ቆመች፣ እንደገና ጮኸች። እንሽላሊቱ አፉን ከፍቶ ምላሱን አሳየኝ፤ ሳቅኩ። ዛሬ ሳስበው ያን ጩኸት በምድር ላይ የሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድም ሰው ግን ምን ሰማሽ ብሎ አልጠየቀኝም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ «ትሩዲ! ነይ ውጪ!» አለች። ክልክሉን ረስታ ስትጠራኝ ደስ አለኝ። ላይ ስደርስ ፊቷ ላብ በላብ ሆኗል፤ ሬዲዮው እየተንኮሻኮሸ የሆነ ሰው ያወራበታል። ሰሌዳውን በስስ ወረቀቱ ሸፍና፣ ለጥፋ፣ ደረቴ ላይ አስታቀፈችኝ።

«ዶሪን ጋ ይዘሽ ሂጂ። አትሩጪ። ግን አትቁሚ።»

«አንቺስ እማዬ?»

«እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»

ያን ደረጃ መቼም አልረሳውም። ነፋሱ ሰሌዳውን ሊነጥቀኝ ይታገላል። ስልሳኛው ላይ ይሁን ሰባኛው፣ አንዴ አምዘግዝጎ ደረቴን መታኝ፤ አገጬን አስደግፌ በሁለት እጄ ጨመቅኩት። በሰሜን በኩል ሰማዩ የበሰበሰ ብርቱካን መስሏል። ጎረቤታችን ዶሪን ከተራራው ግርጌ መኪናዋን አስነሥታ ትጠብቀኝ ነበር። እናቴ ግን እሳቱ በሌላ ሸለቆ አልፎ ዙሪያው ጭስ ብቻ እስኪሆን ድረስ እዚያው ላይ ሆና አቅጣጫ ስትነግር ዋለች። ማምሻውን ስትወርድ ድምፅ የሚባል አልነበራትም።

እሳቱ ሁለት ቤት በላ። አንዱ የሚስተር ዱጋን ነው፤ ሽማግሌው ውሻውን ለማውጣት ገብቶ ሁለት እጁ ተቃጠለ።

ሰኞ ዕለት ዳቦ ልገዛ ሱቅ ስገባ ወሬው ቆመ። የቆመ ወሬ እንዴት እንደሚሸት ያኔ አወቅሁ። ልወጣ ስል አንዷ ከኋላዬ «አገር ሲነድ እሷ ትሞነጫጭር!» አለች። ስታን ለሁሉም የነገረው፣ የመጀመሪያው ጥሪ የደረሰው ለዘጠኝ ሰዓት አሥር ጉዳይ ነው። እናቴ የጠራሁት ስምንት ሰዓት ከአሥር ነው ትላለች። በመካከል አርባ ደቂቃ አለ፤ በዚያ አርባ ደቂቃ ነው እሳቱ መንገዱን ተሻግሮ ዱጋን ጋ የደረሰው። ስታን የጣቢያውን ሬዲዮ ዝቅ አድርጎ የክሪኬት ጨዋታ ያዳምጥ እንደነበር ልጁ ራሱ ነግሮኛል፤ የነገረኝ ግን ስታን ከተቀበረ በኋላ፣ እኔም ሽበት ካወጣሁ በኋላ ነው።

ማክሰኞ ከዋናው ከተማ መርማሪ መጣ። ከእናቴ ጋር በረንዳ ላይ ተቀመጡ፤ ዶሪንም ነበረች። እኔ በወንፊት በሩ በኩል ወለሉ ላይ ተኝቼ እያዳመጥኩ ነበር፤ የሻዩ ማንቆርቆሪያ ሲያፏጭ ግማሹ ያመልጠኛል።

«መዝገብዎ ስምንት ከአሥር ይላል። ግን ወይዘሮ ፔትሪ፣ መዝገብ በኋላም ይጻፋል።»

«ሥዕልስ?»

«ሥዕልም በኋላ ይሳላል።»

«ፓስቴል ድርብርብ ነው። የቱ ከየቱ ሥር እንዳለ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። የሚያውቅ ሰው ያምጡ።»

ማንቆርቆሪያው አፏጨ። ፉጨቱ ሲበርድ መርማሪው እየተነሣ «እንግዲያው ሐሙስ በአዳራሹ እናየዋለን» ይላል። ከሄደ በኋላ ዶሪን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ሞይራ፣ ካላመኑሽስ?»

«ዓይን ያለው ያምናል። ሥራዬም ስሜም እዚያ ወረቀት ላይ ነው።»

ይኸው ነው የሰማሁት። አዳራሽ፣ የሚያውቅ ሰው፣ ሥዕል ማየት። የትርኢቱ ወር ደግሞ ደርሷል። በዘጠኝ ዓመት ጭንቅላቴ ይህ ሁሉ ተደምሮ አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ እናቴ እንደገና ልትወዳደር ነው። ሰው ሁሉ ቢጠላትም አንደኛ ብትወጣ ሁሉም ዝም ይላል ማለት ነው።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት ማንም የለም። እናቴ ለሚስተር ዱጋን ሾርባ ይዛ ሆስፒታል ሄዳለች። (አላስገባትም። ሾርባውን ከነማሰሮው ይዛ ተመለሰች።) ሰሌዳው ቁም ሣጥን ላይ ነው። ላየው ብቻ ነበር። ወንበር አቀረብኩ፣ አወረድኩ፣ ፕላስተሩን በጥፍሬ ቀስ ብዬ አላቀቅኩ፣ ስስ ወረቀቱን ገለጥኩ።

ሦስተኛው ሸንተረር ላይ እድፍ አለ። አውራ ጣት የሚያህል፣ ቢጫና ግራጫ የተቀላቀለበት፣ ወደ ቀኝ ዘመም ያለ። ደረጃው ላይ ደረቴን የመታኝ ጊዜ ትዝ አለኝ። የጨመቅኩበት ቦታ ልክ እዚያ ነው። አውራ ጣቴን ከበላዩ ሳልነካ አመጣጠንኩት፤ ገጠመ። አሁንም እኔ! ዘንድሮም እኔ!

ማልቀስ ጀምሬ ነበር፤ እንባ ወረቀቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ብዬ ተውኩት። ከምሳ ዕቃዬ ውስጥ የተረፈችውን ዳቦ አወጣሁ። ውስጡን በልቼው ቅርፊቱ ብቻ ቀርቷል። በምራቅ እንደረጠበ አይነካም፤ ያን ያህል አውቃለሁ። በጥርሴ አልፍቼ፣ በጨርቅ አድርቄ፣ አድበልብዬ፣ ትንፋሼን ይዤ ነካ ነካ አደረግኩት። ቢጫው ተነሣ። ግራጫው ተነሣ። ከሥር የጡቡ ቀለም ብቅ አለ። አሁን ሰማያዊ ያስፈልጋል። የቱ ሰማያዊ?

የጠመኔዎቿን ሳጥን ከፈትኩ። ፍም የነካሁ ያህል ፈራሁ። ሰባቱን አንድ በአንድ ክንዴ ላይ ጫር ጫር አደረግኳቸው፤ እንደ እናቴ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ክንዴን ከሸንተረሩ አጠገብ አቀረብኩት። አራተኛው አይደለም። ሁለተኛው አይደለም። ሦስተኛው ግን ቁጭ አለ። ቀባሁ፣ በትንሿ ጣቴ አለዘብኩ፣ ሰሌዳውን ከኋላ መታ መታ አደረግኩ። እፍ አላልኩም። ስጨርስ ሸንተረሩ ጥርት ብሎ እንደ መስኮት ታጠበ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ሲባል እኔ ገና አልሰማሁም ነበር። ስስ ወረቀቱን መልሼ አልብሼ፣ ያንኑ ፕላስተር ለጠፍኩ።

ሐሙስ እናቴ አረንጓዴውን የክት ቀሚሷን ለበሰች። አዳራሹ ሞልቷል። ስታን ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክራል። ከመርማሪው ጎን መነጽሯን በሰንሰለት ያንጠለጠለች የሥዕል መምህር አለች፤ ዳኛዋ እሷ ናት አልኩ በልቤ። ዶሪን እጄን ይዛኛለች፤ እጇ በላብ ርሷል። ሽልማት ያለበት ቦታ ለምን ሰው ሁሉ እንዲህ እንደተኮሳተረ ግራ ገባኝ።

እናቴ ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ አጋደመች። ፕላስተሩን እየላጠች፣ ገና ሳታየው፣ ፊቷን ወደ ሰዉ አድርጋ ተናገረች።

«ሦስተኛውን ሸንተረር ተመልከቱ። በጠርዙ ያለውን ሰዓትም።»

ስስ ወረቀቱን ገለጠች። መምህርቷ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። ብዙ ቆየች።

«ወይዘሮ ፔትሪ» አለች በቀስታ፣ «ሰዓቱ ስምንት ከአሥር ይላል። ሸንተረሩ ግን ንጹሕ ነው። ጭስ የለበትም።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። እናቴ ወደ ሥዕሉ ዞረች። ፊቷ ላይ የነበረው ደም ሲወርድ አየሁት። ወደ ሦስተኛው ሸንተረር ተጠጋች፣ ዓይኗን ጨፈን አደረገች፣ እንደገና ከፈተች። ከዚያ በሰሌዳው ጠርዝ ላይ የሆነ ነገር አየች። እኔም ከተቀመጥኩበት አየሁት፤ የዳቦ ቅርፊት ፍርፋሪ። ቀና አለችና በቀጥታ እኔን አየችኝ።

እኔ ፈገግ አልኩላት። ጥርሴን ሁሉ አሳየኋት።

መዳፏን አነሣችና ፍርፋሪው ላይ ጫነችው። ዳኛዋ እንዳታይብን ነው አልኩ፤ እንዴት ጎበዝ ናት አልኩ።

መርማሪው «ይህ ሥዕል ከቅዳሜ ወዲህ ሌላ ሰው እጅ ገብቷል? የነካው ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ።

የስታን ባርኔጣ መሽከርከሩን አቆመ።

«የለም» አለች እናቴ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሥዕሌን ከእኔ ሌላ ማንም አይነካም።» መዳፏ አሁንም እዚያው ነው። «ጭሱን ያኔ የሣልኩት መስሎኝ ነበር። ተሳስቼ ይሆናል።»

ዶሪን እጄን ለቃ ብድግ አለች። «ሞይራ! ምን ነካሽ? በራስሽ ላይ?»

«ተቀመጪ ዶሪን።»

ያላየችውን የማትስል፣ ያየችውን የማትተው ሴት፣ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሁለቱንም በአንድ አፍ ካደች።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ብዙ ታግሼ ጠየቅኳት።

«አንደኛ ወጣን?»

«አልወጣንም።»

«እድፍ አለበት አሉ?»

«አይ» አለች መንገዱን እያየች። «ምንም እድፍ አልነበረበትም።»

በሳምንቱ ከማማው አስወረዷት። የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ውስጥ ሳንድዊች መሥራት ጀመረች፤ አንዳንድ እናቶች ልጆቻቸውን ከእሷ እንዳይገዙ ከለከሉ። በሁለተኛው ዓመት ከተማውን ለቀን ወደ ባሕሩ ዳር ሄድን። መሣሏን አልተወችም። ባሕር ሣለች፣ አሸዋ ሣለች፣ ዝናብ ሣለች። ሸንተረር ግን አልሣለችም። ያንኛውን ሥዕል በመስተዋት አስገብታ መኝታ ቤቷ ሰቀለችው፤ እኔ ጥሩ ሥዕል ስለሆነ ይመስለኝ ነበር።

አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ በአውቶቡስ መስኮት ወደ ውጭ ሳይ፣ ሩቅ ሸንተረር ላይ ጭስ አየሁ። አውራ ጣት የሚያህል፣ ቢጫና ግራጫ፣ ነፋሱ ወደ ቀኝ ያዘመመው። ሾፌሩን ለምኜ ወርጄ መንገድ ዳር አስመለሰኝ። ከዚያ በኋላ በነበረው ጊዜ ሁሉ ስላልነገርኳት አፍራለሁ። ዛሬ እነግራታለሁ እያልኩ፣ ባል አገባሁ፣ ልጆች ወለድኩ፣ ባል ቀበርኩ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

አምና እናቴ ሰማንያ ሁለት ሲሞላት ወደ አረጋውያን መኖሪያ ገባች። ዕቃዋን ሳጓጉዝ የዚያ ሥዕል መስተዋት ተሰነጠቀ። ልቀይረው ከክፈፉ ሳወጣው ከጀርባው የታጠፈ ስስ ወረቀት ወደቀ። ዘረጋሁት። ምንም ቢጠነቀቁ ያ ወረቀት ትንሽ ዱቄት ይዞ ይቀራል። ሰባቱ ሸንተረሮች ተገልብጠው፣ ግራቸው ቀኝ ሆኖ፣ እንደ ጥላ ታትመዋል። በሦስተኛው ላይ፣ ወደ ግራ ዘመም ብሎ፣ ጭሱ አለ።

ሁለቱንም ይዤ ሄድኩ። መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ስስ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አኖርኩት።

«መቼ ነው ያየሽው?»

ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። «ያኑ ሐሙስ። አንቺ ካልሲሽን እያወለቅሽ ሳለ።»

«እማዬ፣ አዳራሹ እኮ ቅርብ ነበር። መርማሪውም አልሄደም። ይህን ብታሳዪአቸው...»

«አሳይቼ ምን ልበል? እዚህ ላይ ጭስ አለ፣ እዚያ ላይ የለም። ማነው የጠረገው ቢሉኝስ?»

«እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የጠረግኩት።» ይኸው፣ ከአርባ ሁለት ዓመት በኋላ ከአፌ ወጣ። «እድፍ መስሎኝ...»

«አውቃለሁ። ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር፤ ሚስተር ዱጋን ደግሞ እጁ በፋሻ ነበር። እዚያች ከተማ ውስጥ እኔ ስንፍና ተለጥፎብኝ መኖር እችላለሁ። አንቺ ግን ‹ያጠፋችው ልጅቷ ናት› መባልን ተሸክመሽ ማደግ አልነበረብሽም።» ከዚያ ከንፈሯን ነከስ አድርጋ፣ የጥንቱን ቁጣዋን ይዛ፣ «ደግሞ በቅርፊት ይጠፋል እንዴ? ውስጡን ነው እንጂ! ወረቀቱን ቧጥጠሽዋል» አለችኝ።

እያለቀስኩ ሳቅኩ። እሷ ሥዕሉን አስጠጊልኝ አለች፤ አስጠጋሁላት። በቀጭን ጣቷ፣ ሳትነካው፣ ሦስተኛውን ሸንተረር ከዳር እስከ ዳር ተከተለችው፤ እኔ የቀባሁበት ቦታ ስትደርስ ቆመች። ዓይኗን ጨፈን አደረገች።

«ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ፣ የት ጋ እንደቀባሽው መለየት አቃተኝ» አለች። «ከሰባቱ ውስጥ ትክክለኛውን ነበር የመረጥሽው፣ ትሩዲ። እዚያው ልነግርሽ ፈልጌ ነበር።»